ቀዝቃዛዋ ፀሐይ፦ ፀጉር ካስተከልኩ በኋላ ደሴ ላይ የደረሰብኝ

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ቢሮዬ ደሴ ነው፤ ሜዳዬ ግን ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም እስከ ባቲ ይዘልቃል። የምንለካበት መሣሪያ ቶታል ስቴሽን ይባላል። ውድ ዕቃ ነው። ፀሐይ ሲበዛበት ልኬቱ ስለሚዛባ ትልቅ ጃንጥላ ተዘርግቶለት ነው የሚሠራው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥላው ሥር የቆመው እሱ ነው። እኔ ለማየት ጎንበስ ስል አናቴም ማጅራቴም ውጭ ነበር። አንድም ቀን ለራሴ ብዬ ጃንጥላውን ሳብ አድርጌ አላውቅም።

ፀጉሬ መሳሳት የጀመረው በ27 ዓመቴ ነው። 35 ስሞላ ከግንባሬ እስከ አናቴ ባዶ ሜዳ ሆነ። ጀርመን ያለው ታላቅ ወንድሜ ወጪውን ከፈለልኝና ኢስታንቡል ሄጄ አስተከልኩ። ስለ ንቅለ ተከላው ራሱ ብዙ ተጽፏል፤ እዚያ ላይ አልቆይም። እኔ የምነግራችሁ ከተመለስኩ በኋላ ስላለው ነው። በተለይ ስለ ፀሐይ። ወደ ደጋ አገር ለሚመለስ ሰው ስለ ፀሐይ በደንብ የነገረኝ አልነበረም፤ ዋጋ ያስከፈለኝም ይኸው ነው።

በአጭሩ እንዲህ ነው የሆነው። ከጭንቅላቴ ኋላ 2,600 ግራፍት ተወሰደ። ግራፍት ማለት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፀጉር ከነሥሩ ያለበት ትንሽ ሥጋ ነው። ኤፍዩኢ በሚባለው ዘዴ እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ የሚወጣበት መብሻ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከዚያ ከፊት በኩል ቀዳዳ እየተከፈተ ይተከላል። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ቀያሽ ስለሆንኩ መቁጠር እወዳለሁ፤ ከኋላ 2,600 ቀዳዳ፣ ከፊት 2,600 ቀዳዳ። አንድ ጭንቅላት ላይ 5,200 ቁስል ማለት ነው። ትንንሽ ቢሆኑም ቁስል ቁስል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ስወጣ አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። አስተርጓሚው ሌላ ሰው ይጠብቀው ስለነበር በሩጫ አነበበልኝ። አስር ቀን ፀጉሩን አትንካ፣ አትከክ፣ ከፍ ባለ ትራስ ተኛ፣ በዚህ ሻምፑ ታጠብ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። «ለአንድ ወር ከቀጥታ ፀሐይ ይጠበቁ።» በቃ። ውጭውን በመስኮት አየሁት። የካቲት አጋማሽ ነበር፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዘንባል፤ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ሳቄ መጣ።

ያ ወረቀት የተጻፈው ለእነሱ አገር ሰው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ገባሁ። ከዚያ በመኪና ሐረጎን ወጥቼ ደሴ። ክሊኒኩ የሰጠኝ ሰፊ የጨርቅ ባርኔጣ ራሴ ላይ አለ። እንዳይነካኝ ፈርቼ በእጄ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር የመጣሁት። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ወንድም፣ ንፋስ የለም እኮ» አለኝ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ዋናው ጉዳይ የተተከለው እንዳይነቀል ነው። ሥሩ ገና አልያዘም። ስለዚህ ጠባብ ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ራስ ላይ የሚጠመጠም ማናቸውም ነገር አይሆንም። ፀሐይም አይሆንም። ቅባትም አይሆንም፤ ክፍት ቁስል ላይ የፀሐይ መከላከያ አይቀባም። ታዲያ ምን ቀረ? ቤት መቀመጥና ጃንጥላ።

ጃንጥላ ደሴ ውስጥ ብርቅ አይደለም። አገራችን ዝናባማ ነው። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የያዘ ጎልማሳ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፒያሳን ሳቋርጥ የሠፈር ልጆች ሙድ ያዙብኝ። «አባ ይፍቱኝ» እያሉ ጉልበቴ ሥር ሊሳለሙ የመጡም ነበሩ። አንድ የማውቃቸው ሼህ ደግሞ በራሳቸው ጃንጥላ ሥር ሆነው አልፈውኝ ሄዱና ዞር ብለው «አብሽር ልጄ፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ» አሉኝ። እውነትም ይዘውታል። ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ነገር አለ።

ጃንጥላ ከባርኔጣ የሚሻለው ራስን ስለማይነካ ነው። ግን ዓይነት አለው። ስስና ነጣ ያለው ብርሃን ያሳልፋል። እኔ ጥቁሩንና ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለውን ነው የመረጥኩት። ከመሬት የሚመለስ ጨረር ስላለ ጃንጥላ ብቻውን ሙሉ መከላከያ አይሆንም። ጥላ ወዳለበት የመንገዱ ጠርዝ ጠጋ ብሎ መሄድ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ቤት ውስጥ የነበረው ፈተና እናቴ ናት። ራሴን ስታይ መጀመሪያ አለቀሰች። ቅርፊት የለበሰ፣ የተላጨ ጭንቅላት ነው ያየችው። ቀጥሎ ጓዳ ገባችና ለጋ ቅቤ በጭልፋ ይዛ መጣች።

«ና ልቀባህ። ደርቆብሃል እኮ።»

«እማ፣ ሐኪሙ ከልክሏል።»

«ሐኪሙ ቅቤ የት ያውቃል? አንተን ያሳደገህ ማን ነው?»

ሦስት ቀን ተከራከርን። ቅቤ ቁስል ላይ ቆሻሻ ይይዛል፤ ፀሐይንም አይከላከልም። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም፣ እሬትም ይዘው የመጡ ነበሩ። ሁሉም በፍቅር ነው። ሁሉንም «በኋላ» እያልኩ አለፍኩ። ቃል ያስገባችኝ ግን እናቴ ብቻ ናት። ሐኪሙ ሲፈቅድ መጀመሪያ የምትቀባው እሷ እንድትሆን።

ሌላ የማስጠነቅቃችሁ ነገር ነጠላና ጋቢ ነው። ደሴ ማታ ስለሚበርድ እጅ ወዲያው ወደ ጋቢ ይሄዳል። የጋቢ ክር ግን ቅርፊቱ ላይ ይያዛል። ስታወልቁት ይጎትታል። እኔን በስድስተኛው ቀን አንድ ቦታ ደም አውጥቶብኛል። ነጠላ ደግሞ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ማዶው ይታያል። ማዶው የሚታይበት ጨርቅ ፀሐይንም ያሳልፋል። ይህ ሙከራ ለማንኛውም ኮፍያ ይሠራል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቅርፊቱ በለብ ያለ ውኃና በሻምፑ ረግፎ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለ ኮፍያ በነጻነት ማድረግ ቻልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ፀጉር መርገፍ ጀመረ። አትደንግጡ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሥሩ ይቀራል፤ ላዩ ይረግፋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር እንደገና ይበቅላል። ግን አስተውሉ፤ ሰው ወደ ሥራ የሚመለሰው ልክ ራሱ እንደገና ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። ቁስሉ የዳነ ይመስላል። የሚሸፍን ፀጉር ግን የለም። ቆዳው አዲስና ስስ ነው። እኔ የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው።

ቀብሩ

አንድ ወር ሞላ። ወረቀቱ ያለው ቀን አለፈ። ጃንጥላዬን ሰቀልኩት። ሜዳ ስወጣ ኮፍያ አደርግ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ግን ይረሳኛል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ስለመግዛት አስቤም አላውቅም።

ሚያዝያ ገባ። ከተተከለልኝ ስምንተኛው ሳምንት ሊሞላ ሲል ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት አረፉ። ያሳደጉኝ ናቸው ማለት ይቻላል። ቀብራቸው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ቅጥር ግቢው በር ላይ እንደ ደንቡ ኮፍያዬን አወለቅሁ። የሙስሊም ጎረቤቴ ቀብር ቢሆን ኖሮ ኮፍያዬ ከራሴ ባልወረደ፤ በኋላ አጎቴ ይህን ብለው ሳቁብኝ።

ፍትሐቱ ረዘም አለ። ከዚያ ወንዶቹ መቃብሩ ዳር ቆምን። አፈር መመለስም አገዝኩ። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ባዶ ራሴን ቆሜያለሁ። ቀኑ ደስ የሚል ነበር። ከጦሳ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ጃኬቱን ቆልፏል። ስስ ደመናም ነበረ። ሞቀኝ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አልሞቀኝም።

ማታ ግንባሬ ይለበልበኝ ጀመር። ከቅንድቤ በላይ ያለው፣ ያልተነካው ቆዳ ነው የለበለበኝ። ከዚያ በላይ ምንም አይሰማኝም። ባለቤቴ ለማየት መብራት አበራች። መዳፏን አናቴ ላይ አድርጋ ወዲያው አነሳችው።

«ይኼ እኮ እንደ ምጣድ ይፋጃል! አያምህም?»

አያመኝም። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችኝ። ግንባሬ ላይ ስትነካኝ እሸማቀቃለሁ። ሁለት ጣት ከፍ ስትል አይሰማኝም። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ልክ ተከላው ከሚጀምርበት። ከመስመሩ በታች ትንሽ የተቃጠለው ያመኛል። ከመስመሩ በላይ ብዙ የተቃጠለው ዝም ብሏል።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ለሐኪሙ በዋትስአፕ ፎቶ ላክሁ። ጠዋት መለሰልኝ። ውኃ ቋጥሯል ወይ? መግል አለው? ትኩሳት አለህ? ሲል ጠየቀኝ። ምንም አልነበረም። ቀዝቀዝ ባለ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ አድርግ፤ በረዶ ግን እንዳታስጠጋ አለኝ። ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት በስሱ እንድቀባ፣ ውኃ አብዝቼ እንድጠጣ፣ እንዳልከክ፣ ቆዳው ሲላጥ በእጄ እንዳልጎትተው ነገረኝ። ውኃ ከቋጠረ ወይም ከመገለ እዚያው አገርህ ሐኪም ዘንድ ሂድ አለ። በአራተኛው ቀን ተላጠ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ።

ፀጉሩ ሞተ ወይ? አልሞተም። ከሁሉ በፊት የጠየቅሁትም እሱን ነበር። ሥሩ በቆዳው ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወርዶ ነው ያለው፤ በሁለተኛው ወር ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ቀላል የፀሐይ ቃጠሎ እዚያ ድረስ ብዙውን ጊዜ አይደርስም። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ቁስሉ ክፍት ነው፣ የደም ዝውውሩም ገና ነው። እኔ ላይ የቀረው ጠባሳ የቀለም ነው። የፀጉሬ መስመር ላይ መዳፍ የሚያህል ጠቆር ያለ ንጣፍ ወጣብኝ። እስኪጠፋ ስምንት ወር ፈጀ።

«ጥቁር ሰው ፀሐይ ምን ያደርገዋል» የሚሉ አሉ። እኔም እል ነበር። ቆዳችን ከነጭ ሰው ቆዳ የተሻለ ይከላከላል፤ እውነት ነው። የቆሰለ ቆዳ ላይ ግን ይኼው ቀለማችን ነው የሚያስቸግረን። ቆዳችን ሲቆጣ ቀለም ያበዛል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። 5,200 ቁስል ያልኳችሁን አስታውሱ። እያንዳንዱ ነጥብ የመጥቆር ወይም የመንጣት ዕድል አለው።

ሁለት ውሸታሞች

ከዚያ በኋላ ስቀመጥ አሰብኩት። ያታለሉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የራሴ ጭንቅላት ነው። ተከላ ሲደረግ ጥቃቅን ነርቮች ይቆረጣሉ። ስለዚህ አናት ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ለወራት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ቆዳ ተቃጠልኩ አይልም። ጤነኛ ሰው ፀሐይ ሲበዛበት ሳያስበው ወደ ጥላ ይሸሻል። እኛ አንሸሽም፤ የሚነግረን የለም።

ሁለተኛው የደሴ አየር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር ከሙቀት ጋር አንድ አይደለም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጨረሩ ግን ይጨምራል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ሐረጎን ስትወርዱ ይሞቃችኋል፣ ጨረሩ ግን ከደሴው ያንሳል። ባቲ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ያባርራችኋል፤ ገበያተኛው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። ደሴ ላይ ሰው በተቃራኒው ብርድ ሽሽት ፀሐይ ይሞቃል። ጠዋት ግድግዳ ጥግ ተደርድረን ፀሐይ ስንሞቅ የኖርን ሰዎች ነን። ፀሐይ ወዳጃችን ናት። ለዚህ ነው የማንጠረጥራት።

ደመናውም አልጠቀመኝም። ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ያሳልፋል። ጭጋግ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

የቀኑ ነገር ደግሞ አለ። ይኼ በሙያዬ ላውቀው የሚገባኝ ነበር፤ ለዚህ ነው በጣም ያናደደኝ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ ሚያዝያ አጋማሽ ግድም፣ ሌላው ነሐሴ አጋማሽ ግድም ነው። የነሐሴው በዝናብ ስለሚሸፈን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የሚያዝያው ግን ፊት ለፊት ነው። ኢስታንቡል 41ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ የካቲት አጋማሽ ላይ እኩለ ቀን እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ 40 ዲግሪ አትሞላም። የእነሱ «አንድ ወር» ለእነሱ ፀሐይ የተለካ ነው። እኔ ያን ወረቀት ይዤ ሚያዝያ አጋማሽ፣ በስድስት ሰዓት፣ 2,500 ሜትር ላይ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ከዚህ የባሰ ሰዓትና ቦታ ፈልጌም አላገኝ።

አሁን የማደርገው

ሙቀትን ማመን ተውኩ። ጥላዬን ነው የማምነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ በላይ ወጥታለች፤ ጨረሩም በርትቷል። ከረዘመ ትንሽ መተንፈስ ትችላላችሁ። ይህ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወደ መሬት ማየት ብቻ ነው። በሰዓት ከሆነ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ያለውን መጠንቀቅ ነው። የሜዳ ሥራዬን ከነጋ ጀምሬ እስከ አራት ሰዓት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ቢሮ ገብቼ ስሌት እሠራለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ አጉረመረመ። ጠዋት ላይ አየሩ ስለማይርገበገብ ልኬቱ የተሻለ ጥራት እንዳለው ሲያይ ዝም አለ።

ባርኔጣ ላይ ስስታም አትሁኑ። ቤዝቦል ኮፍያ የምትሉት ፊትን እንጂ ማጅራትን አይሸፍንም። ከኋላ የተወሰደበት ቦታ ደግሞ ተረስቶ ይቀራል። ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለ ፊቱ ነው፤ የተተከለው እዚያ ስለሆነ። ሲያጎነብስ የሚውል ሰው ግን፣ ቀያሽም ሆነ ገበሬ፣ ግንበኛም ሆነ ሊስትሮ፣ ፀሐይ የምታገኘው ከኋላው ነው። ዙሪያውን ክፈፍ ያለው፣ ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ ልስላሴ ያለው ግዙ። የላብ ኮፍያ በየሁለት ቀኑ ይታጠብ። እኔ ሁለት እያቀያየርኩ ነው። ኮፍያ ማድረግ አዲሱን ፀጉር ያፍነዋል፣ ያረግፈዋል የሚል ወሬ አለ። ሥሩ ከያዘ በኋላ ሰፋ ያለ ኮፍያ አያረግፍም። ፀጉር የሚተነፍሰው በደም ነው እንጂ በአየር አይደለም።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሰንስክሪን የምንለው፣ ለእኔ የተፈቀደው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ወዲህ። እናንተ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ፤ የእያንዳንዱ ሰው ቁስል አዳዳን ይለያያል። ኤስፒኤፍ፣ ማለትም የቅባቱን የመከላከል አቅም የሚያሳየው ቁጥር፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። 30 የሚለው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማ፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ገደማ ነው የሚከላከለው። ስለዚህ 100 የሚል አገኘሁ ብላችሁ ኪሳችሁን አታራቁቱ። ዋናው በቂ መቀባትና በየሁለት ሰዓቱ መድገም ነው። አንድ ጊዜ ጠዋት ቀብቶ እስከ ማታ መዋል አይሠራም። ላብ ይወስደዋል።

ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለቁጡ ቆዳ ይስማማል። ችግሩ ነጭ አድርጎ ያስቀራል። እኔ ዱቄት የተነፋብኝ መስዬ ቢሮ ገብቻለሁ፤ የቢሯችን ጸሐፊ «ወፍጮ ቤት ነበርክ?» አለችኝ። የሚረጨው ዓይነት ለራስ ይመቻል፤ አልኮል ያለበት ግን ይለበልባል። ፀጉሩ ሲያድግ ደግሞ ቅባቱ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ አናቴን ለኮፍያ ትቼ ቅባቱን ለግንባሬ፣ ለጆሮዬና ለማጅራቴ ብቻ አደረግሁት።

ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። መስኮት ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዙ፤ ሙቀት ያበላሸዋል። እኔም አንዱን መኪና ውስጥ ረስቼ ውኃና ዘይቱ ተለያይቶ አግኝቼዋለሁ።

መኪና ካልኩ አይቀር፣ የጎን መስታወት አንዱን ዓይነት ጨረር ቢከለክልም ሌላውን ያሳልፋል። ቆዳ የሚያጠቁረው ደግሞ የሚያልፈው ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ቀን ሙሉ መስኮት ሥር ስትቀመጡ ቀላል አይደለም። ጠዋት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ፀሐይዋ በግራ በኩል ናት። በቀኝ ተቀመጡ። ስትመለሱ ጠዋት ከሆነ በግራ። እኔ ትኬት ስቆርጥ ይህን ጠይቄ ሻጩ ግራ ገብቶት ያውቃል።

ከመድኃኒት በኩል አንድ ነገር አለ። በሦስተኛው ወር አዲሱ ፀጉር ሲወጣ ብጉር መሰል ነገር ወጣብኝ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ይህ መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። እኛ አገር ብዙ ሰው ለብዙ ነገር የሚወስደው መድኃኒት ነው። በዚያን ጊዜ ተምሬ ስለነበር ጃንጥላዬን አወረድኩት። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁም ፋርማሲስቱን «ከፀሐይ ጋር ይስማማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነጻ ነው።

ለቅሶና ቤተ ክርስቲያንስ? ይህን ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ኮፍያዬን አወልቃለሁ፣ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ዛፍ ከሌለ ጃንጥላ። ሰው ጃንጥላ ይዞ ቢቆም ነውር የለውም፤ ቄሶቹም ይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ካሻችሁ ለአንድ ሽማግሌ «ቀዶ ጥገና አድርጌ ነው» ብላችሁ ንገሩ። የወሎ ሰው ምክንያት ከነገራችሁት ራሱ ያጠላላችኋል። ባለፈው ተዝካር ላይ አንድ የማላውቃቸው አባት ምንም ሳይሉ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ግማሽ ትከሻቸው ፀሐይ ላይ ቀረ። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ለምን ያህል ጊዜ ለሚለው፣ የመጀመሪያው ወር ጥብቅ ነው፤ ምንም ቀጥታ ፀሐይ የለም። እስከ ሦስት ወር ራስ ሳይሸፈን አይወጣም። ከዚያ በኋላ መደንዘዙ እስኪለቅና ፀጉሩ ራሱ ጥላ እስኪሆን መጠንቀቅ ነው። እኔ ለደጋ አገር ስድስት ወር እላለሁ፤ ይህ የእኔ ልክ ነው። መደንዘዙን ለማወቅ ባለቤቴ ያደረገችውን አድርጉ። በጣት ከግንባር ወደ ላይ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ሂዱ። የእኔ መስመር በየወሩ ወደ ኋላ ሸሸ። በአምስተኛው ወር አናቴ ላይ ደርሶ ጠፋ። ያን ቀን የመጀመሪያ የዝናብ ጠብታ ተሰማኝ። ሐምሌ ነበር።

አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ፀጉሩ አለ። እንደ ሃያ ዓመቴ አይደለም፤ ግን ማበጠሪያ ገዝቻለሁ። ሜዳ ላይ ጃንጥላው ሁለት ሆኗል። ረዳቴ ጠዋት መጀመሪያ የሚዘረጋው የመሣሪያውን ነው፤ የእኔን ቀጥሎ። ቅደም ተከተሉን አልቀየርኩትም፤ መሣሪያው አሁንም ከእኔ ይወደዳል።

የእናቴ ቃል ኪዳን ደግሞ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ምንም ችግር የለውም አለ። እናቴ ጓዳ ገብታ ያንኑ ጭልፋ ይዛ መጣች። በርጩማ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አናቴን እያሸች ቀባችኝ። ጣቶቿ ሁሉም ቦታ ተሰሙኝ። ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወደ ደጅ ጠቆመችኝ።

«በል አሁን ውጣና ፀሐይ ላይ ተቀመጥ። ቅቤው ቅልጥ ይበል።»

ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።